የማኑክ ንግግር በአድሊስቪል

ማኑክ ቶርጎምያን ጄኔቫ በመጣ ቁጥር ኮቱ ላይ የሚሰካው ምልክት ሌላ ነው። አስፋው ይህን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው፤ ካስተዋለ በኋላ ግን ኤርፖርት ሊቀበለው ሲሄድ ከፊቱ በፊት ደረቱን ማየት ልማድ ሆነበት።

የተዋወቁት አርሜኒያ ገና የሶቪየት ኅብረት አካል ሳለች፣ በዋና ከተማዋ በይሬቫን ነበር። አስፋው ደርግ ለትምህርት የላከው የውሃ ምህንድስና ተማሪ፣ ማኑክ ደግሞ የዚያው ፖሊቴክኒክ የወጣት ኮሚኒስቶች ማኅበር ጸሐፊ። ያኔ ደረቱ ላይ የነበረው ሌኒን ነው። ጸሐፊነቱን ከልቡ የያዘ ሰው ነበርና አንድ ቀን የአስፋውን ማተብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይቶ፣ ስለ ሃይማኖት ጎጂነት ረጅም ንግግር ካደረገለት በኋላ በመቀስ ቆረጠው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አስፋው ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ማኑክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ትናንት ንግግሬ እንዴት ነበር?» አለው። ጓደኝነታቸው የጀመረው እንዲህ ነው።

ሶቪየት ሲፈርስ አስፋው ስዊዘርላንድ ገብቶ ነበር፤ ጄኔቫ ዳር ባለ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ አግኝቶ፣ ‹ለ ሊኞን› በሚባል ሰፈር ከሚገኙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ማኑክ ደግሞ አገሩ ነፃነቷን ስታውጅ የነፃነት ታጋይ ሆኖ ፓርላማ ገባ። ሌኒን ወርዶ ባለሦስት ቀለም ባንዲራ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የኢነርጂ ምክትል ሚኒስትር ሲሆን ባንዲራው በወርቅ ተለበጠ። የመንግሥት ፋብሪካዎች ለግል ሲዛወሩ ሻጩ ኮሚቴ ውስጥ እሱ ነበረ፤ የማዕድን ውሃ ፋብሪካውን የገዛው ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነበር። በዚያ ሰሞን ጄኔቫ የመጣው የእጅ መዳፍ የሚያህል መስቀል አንጠልጥሎ ነው። እነ አስፋው ቤት ምሳ ቀርቦለት፣ ጎንበስ ብሎ ጸልዮ ሲያበቃ አስፋውን ትክ ብሎ አየውና «አንገትህ ባዶ ነው፤ ስደት እምነትህን አስጣለህ እንዴ?» ብሎ ወቀሰው። የማተቡን ታሪክ የምታውቀው ሸዋረጋ፣ የአስፋው ባለቤት፣ ሳቋ ሲያመልጣት ድስት አረረብኝ ብላ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ማኑክ «ጎህ» የሚባል ፓርቲ አቋቋመ፤ ጎሁ ሳይቀድ ከገዢው ፓርቲ ጋር ተዋሐደ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ መንግሥት በለወጠበት ዓመትም ማክሰኞ በገዢው ፓርቲ ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭብ ታይቶ፣ ሐሙስ ጀርባው ላይ ቦርሳ አዝሎ በሰልፈኛው መሀል መፈክር ሲያሰማ ተገኘ። አሸናፊዎቹ ግን «የሐሙስ አብዮተኛ» የሚል ስም አውጥተውለት ሳይሾሙት ቀሩ። የውሃ ፋብሪካውም ተወረሰ።

«ይህን ሰውዬ ለምንድን ነው የምታስጠጋው?» ትለው ነበር ሸዋረጋ፣ ማኑክ መጥቶ በሄደ ቁጥር።

«እናቱን አታውቂያትም» ይላታል አስፋው።

የማኑክ እናት እማማ ሲራኑሽ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። አስፋው በሁለተኛው ክረምት የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ አንሶላ ሊቀይሩ መጥተው አንድ ጥቁር ልጅ ግድግዳውን አይቶ ሲያለቅስ አገኙት። ሲሻለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከማኑክ ጋር አንድ ክፍል አስተኙት፤ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሱ፣ ካልጠጣ እየቆጡ፣ አርመንኛ አስተማሩት። የኢትዮጵያ ተማሪዎች በሙሉ «ሥራነሽ» ነበር የሚሏቸው፤ ስማቸው ለጆሯችን እንደዚያ ነው የሚመጣው፣ ደግሞም ሲቀመጡ አይታዩም ነበር። ማኑክ ቆርጦ ቤቱ ወስዶ የጣለውን ማተብ ከቆሻሻ ቅርጫት አንስተው አቆይተው፣ የአስፋው ካፖርት ገበር ውስጥ የሰፉት እሳቸው ናቸው። «ልጄ ሞኝ ነው» አሉት መርፌውን በጥርሳቸው ይዘው፤ «ሲያድግ ይተዋል።»

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሳምንት፣ ማኑክ ጄኔቫ ገባ። አስፋው ኤርፖርት ቆሞ ደረቱን አየ፤ ምንም የለም። ደነገጠ።

«ምን ሆነሃል? ታመሃል?»

«ንቅናቄ አቋቁሜያለሁ» አለ ማኑክ እያቀፈው። «ስሙ ‹ንጹሕ› ነው። ምልክታችን ምልክት አለመኖሩ ነው።»

ማኑክ ያኔ ስድሳ አምስትን አልፏል፤ ፀጉሩን ግን እንደ ሬንጅ አጥቁሮታል። ምርጫ እየመጣ ነበር። ለምርጫው ቅስቀሳ፣ በስዊዘርላንድ የሚኖሩ ወገኖች አዳራሽ ሞልተው ሲደግፉት የሚያሳይ ፊልም ያስፈልገዋል። ችግሩ፣ ጄኔቫ ያሉት አርመኖች በጣም ያውቁታል። ለሦስት ቀን ስልክ ሲደውል ዋለ፤ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ከከተማ ወጥቷል፣ አንዷ ደግሞ ስሙን እንደሰማች «ተሳስተዋል» ብላ ዘጋችው።

«ዙሪክ ይሻላል» አለ በመጨረሻ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ። «ዙሪክ ስትላቸው አገር ቤት ያሉት ባንክ ነው የሚታያቸው።»

«ዙሪክ ማንን ታውቃለህ?»

«አንተን።»

«እኔ የምኖረው ጄኔቫ ነው።»

«ያንተ ሰዎች ግን ዙሪክ አሉ» አለ ማኑክ ቀና ብሎ።

አስፋው ነገሩ ሲገባው ሳቀ። ማኑክ አልሳቀም።

«ማኑክ፣ የእኔ ሰዎች ሐበሾች ናቸው።»

«ክርስቲያን አይደላችሁም? ቤተ ክርስቲያኖቻችን እህትማማች አይደሉም? ደግሞ የሚቀረጸው ከኋላ ነው። ከኋላ ሲታይ ሰው ሁሉ አንድ ነው።»

ሸዋረጋ ከበር ላይ ቆማ ሰማችና ባሏን በዓይኗ «እምቢ በል» አለችው። አስፋው አፉን ለእምቢታ ከፍቶ ነበር። በዚህ መሀል ማኑክ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቴ ብትኖር ወደ አንተ ነበር የምትልከኝ» አለው። አስፋው ስልኩን አነሳ።

የደወለው ለቸርነት ነው። ቸርነት ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል የሚኖር፣ የምእመናኑን ማኅበር የሚመራ ሰው ነው፤ የአካባቢውን የፕሮቴስታንት ደብር አዳራሽ፣ እነሱ «ዛል» የሚሉትን፣ በየወሩ ለማኅበሩ ይከራያል። አስፋው ነገሩን በእውነት ሊያስረዳው ሞከረ፤ ጓደኛ፣ ፖለቲካ፣ ቪዲዮ። ቸርነት ግን ከዚህ ሁሉ የያዘው «አርመን» እና «እህት ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ብቻ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ «በሚመጣው እሑድ ከእህት ቤተ ክርስቲያን ታላቅ እንግዳ መጥተው ያስተምሩናል፤ ምእመናን እንዳትቀሩ» ብሎ አወጀ።

እሑድ አስፋው፣ ሸዋረጋና ማኑክ በባቡር ዙሪክ ገቡ። ካሜራ ይዞ የተከተላቸው የማኑክ ሚስት ወንድም ነው፤ ፋብሪካው ከተወረሰበት ወዲህ ሥራ የለውም። ከዙሪክ በሲል ሸለቆ ባቡር ወርደው አዳራሹ ሲደርሱ፣ በር ላይ የተቀበላቸው እልልታ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ከኋላ ከስደተኞች ካምፕ የመጡ ወጣቶች፣ በግራ በኩል ምሳ። ሴቶቹ ማኑክን ጳጳስ መስሏቸው ሊሳለሙት ሲነሡ፣ እሱ የእጅ መስቀል ባይኖረው እጁን ሰጣቸው። ሳሙት።

የሚስቱ ወንድም ጭንቅ ውስጥ ገባ። «ሁሉም ነጭ ለብሰዋል!» አለ በአርመንኛ።

«እኛም ‹ንጹሕ› ነን» አለው ማኑክ። «ቅረጽ።»

ማኑክ መድረክ ላይ ወጣ፤ አስፋው አጠገቡ ቆሞ ከአርመንኛ ወደ አማርኛ ይመልስ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ያለ ማጓደል ነበር የሚተረጉመው። «ከሕዝቤ ጎን ተለይቼ አላውቅም» አለ ማኑክ፤ አስፋውም «ከሕዝቤ ጎን ተለይቼ አላውቅም» አለ። «ሥልጣን ፈልጌ አይደለም፤ ሥልጣን ነው የፈለገኝ።» «ያለፈው ጨለማ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ብርሃን ነው።» ጉባኤው ያጨበጭባል። ከደርግ ጀምሮ ንግግር ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የት ላይ እንደሚጨበጨብ ትርጉም አያስፈልጋቸውም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ አስፋውን ይቀድሙት ነበር።

ቸርነት ወደ ሸዋረጋ ዘንበል አለና «ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» አላት።

«አብዮት አደባባይ» አለችው። «ያኔ አማርኛ ነበር የሚናገረው።»

ከዚያ ማኑክ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እጁን ባዶ ደረቱ ላይ አሳረፈ።

«እናቴ» አለ፣ «መብራት በሌለበት በዚያ ክፉ ክረምት፣ በብርድ፣ በእጄ ላይ ሞተች። እኔ ያኔ እንደ ማንኛችሁም ድሃ ነበርኩ። ገዢዎቻችን በሞቀ ሆቴል ሲያድሩ፣ እኔ የእናቴን እጅ በትንፋሼ አሞቅ ነበር።»

ካሜራው ወደ አስፋው ዞረ። ማኑክ አንገቱን ደፍቶ ትርጉሙን ይጠብቃል።

አስፋው ያን ክረምት ያውቀዋል። ኃይል ማመንጫው ተዘግቶ፣ ድንበሩ ታጥሮ፣ ይሬቫን የቤት ዕቃዋን እያነደደች የምትሞቅበት ክረምት ነበር። ምክትል ሚኒስትር ማኑክ ጄኔቫ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል፣ ስለ ኢነርጂ በሚመክር ጉባኤ። ጎረቤቶቹ የሆቴሉን ስልክ ስላላወቁ የደወሉት ለአስፋው ነው። አስፋው በበረዶ እየሮጠ ሆቴል ሄዶ ሎቢው ውስጥ አገኘውና አረዳው። ማኑክ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቀጥሎ «ነገ ጠዋት ንግግር አለኝ» አለ። ንግግሩን አደረገ። ከዚያም ሌላ ከተማ ሌላ ስብሰባ ነበረ። አገሩ ሲደርስ እናቱ ተቀብረው ነበር።

አስፋው ይህን ለሰላሳ ዓመታት ለማንም አልተናገረም፤ ለሸዋረጋ እንኳ። አሁንም ሊናገር አልተነሣም። ግን «በእጄ ላይ ሞተች» የሚለውን በአማርኛ ሊል አፉን ሲከፍት ቃሉ አልወጣ አለው። ደግሞ ሞከረ።

«እናቱ...» አለ፤ «እናቱ ሲራኑሽ ይባላሉ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበሩ። እኔን ታምሜ ከሆስፒታል አንስተው ቤታቸው ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። አገሬ ሩቅ ነው ብዬ ሳለቅስ ዳቦ እያጎረሱኝ ‹መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ ታለቅሳለህ› ይሉኝ ነበር።»

አስፋው ቀጠለ።

«የሞቱት ብቻቸውን ነው። መብራት የለም፣ ማሞቂያ የለም። ልጃቸው አጠገባቸው አልነበረም፤ እዚህ ጄኔቫ፣ እኔ ባለሁበት ከተማ፣ ስብሰባ ላይ ነበር። ሊፍቱ አይሠራም፤ ጎረቤቶቻቸው ከዘጠነኛ ፎቅ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በደረጃ አወረዷቸው። በቀብራቸው ላይ ልጅም አልቆመ፣ እኔም አልቆምኩ።»

መጀመሪያ ያለቀሱት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እናቴን! እናቴን!» ሲሉ አጠገባቸው ያሉት ተቀበሉ። እናቱን አገር ቤት ጥሎ፣ ሞቷን በስልክ ያልሰማ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አልነበረም። ወረቀት ሳይኖረው ቀርቶ ቀብር ያመለጠው፣ ሥራ አልፈቅድ ብሎት የቀረ፣ መርዶውን ባቡር ውስጥ የሰማ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ወግ ነውና እየተሰለፈ ወደ መድረኩ ወጣ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» እያለ የማኑክን እጅ ይይዛል፤ ትከሻውን ያቅፋል፤ ያለቅሳል።

የሚስቱ ወንድም ከኋላ መቅረጹን ረስቶ ፊት ለፊት ይቀርጻል። ማኑክ ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ፊቱ በደስታ ይፈካ ጀመር። በሰው መሀል ወደ አስፋው ጆሮ ጎንበስ ብሎ «ምን አልካቸው?» አለ።

«ስለ እናትህ ነገርኳቸው።»

«ጎበዝ! ጎበዝ!»

እትዬ ጥሩወርቅ ሁለቱን እጆቹን ያዙና አልለቅ አሉ። «ልጄ» አሉት፣ «ጠይቅልኝ አስፋው፤ ተዝካሯን አወጣላት ወይ?»

አስፋው ተረጎመ። ለሟች የሚደገስ፣ ጸሎት የሚደረግበት፣ ድሃ የሚበላበት መሆኑንም አስረዳው። አስፋው ይህን ሰው ንግግር አጥቶ ሲያየው ያ ቀን የመጀመሪያው ነበር። አሮጊቷ አይተው አይጠግቡትም፤ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ መልሱን ብቻ ነው የሚጠብቁት።

«ጊዜ አልነበረኝም» አለ ማኑክ፣ በቀጭን ድምፅ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ አስፋው ይህን እስከ ዛሬ ይመሰክርለታል። እንባው ጉንጩ ላይ ሲደርስ ግን ማኑክ ፊቱን ቀስ አድርጎ ወደ ካሜራው አዞረ።

ቪዲዮው በሳምንቱ ተለቀቀ። በመጀመሪያው ቀን አርሜኒያ ‹ደጋፊዎቹ› ሐበሾች መሆናቸውን አይታ ሳቀችበት፤ በሁለተኛው ቀን ይሬቫን የሚማር አንድ የእኛ ልጅ የአስፋውን ቃል አንድ በአንድ ወደ አርመንኛ ተርጉሞ ከሥሩ ጻፈበት። ሳቁ ቆመ።

ጄኔቫ አጠገብ ቨርሷ የምትኖረው የአስፋው ልጅ ዲቦራ በስብርብር አማርኛዋ ደወለች። «ፓፓ፣ አንተ ቫይራል ሆነሃል። ያ ሰውዬ ጓደኛህ ነው? ፓፓ፣ ሰዎች በጣም ተናደው ናቸው እሱ ላይ።»

አስፋው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ማኑክ በምርጫው ቢሸነፍ አያሳዝነውም ነበር፤ የሰውን ገበና፣ ያውም የእናት ነገር፣ በአደባባይ ማውጣቱ ከበደው። ማኑክ ይረግመኛል ብሎ ጠበቀ። ሸዋረጋ ግን ደስ ብሏት መጋረጃ ታጥባለች። «ሰላሳ ዓመት ደብቀኸኝ፣ ለአድሊስቪል ሕዝብ ነገርክ» ብላ አንዴ ተቆጣችው፤ ወዲያው ደግሞ «እንኳን ተገላገልነው» አለች።

አልተገላገሉትም። በሳምንቱ ማኑክ አገሩ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። አልካደም። ያልተቀባ ሽበቱን ይዞ፣ ኮት እንኳ ሳይለብስ፣ «እኔ እናቱን ጥሎ የሄደ ልጅ ነኝ» አለና ለብዙ ጊዜ አለቀሰ። ሲያበቃ ካሜራውን ቀና ብሎ አይቶ «ሌሎቹ እጩዎች የደበቁትን መቼ ነው የሚነግሯችሁ?» ሲል ጠየቀ። አገር ምድሩ እናቱ ጋ ደወለ። «ንጹሕ» በምርጫው ማንም ያልጠበቀውን የፓርላማ መቀመጫ አገኘ፤ በወሩም ሊጥለው ከማለበት መንግሥት ጋር ተጣምሮ ማኑክ ሚኒስትር ሆነ። የቤተሰብ ጉዳይ ሚኒስትር።

ከሹመቱ ማግስት ደወለ። «አስፋው ጃን፣ ወዳጄ! አንተ ነህ የሠራኸኝ! ስድስት አማካሪ ቀጥሬ ይህን ያሰበልኝ የለም።»

«ማኑክ፣ መቃብሯ ጋ ሄድክ?»

«እንዴታ! ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ስለነበረ ቀረጻው ተበላሸ።»

አስፋው «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ስልኩን ዘጋና በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከታች ሮን ወንዝ ከተራራ በቀለጠ የበረዶ ውሃ ሞልቶ ይወርዳል። ሸዋረጋ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

ጉዳዩን ያልተዉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ቸርነት እየደጋገመ ይደውል ጀመር፤ «እትዬ እረፍት ነሱኝ፤ የዚያች እናት ተዝካር ይውጣ ነው የሚሉት። ልጅየው ይመጣል?»

«አይመጣም። ሚኒስትር ሆኗል።»

«እንግዲያው አንተ ልጇ ሆነህ ትቀመጣለህ።»

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ ተደገሰ። ቄሱ የሟቿን የክርስትና ስም ሲጠይቁት አስፋው አላውቀውም አለና አፈረ። «ግድ የለም፤ እግዚአብሔር ያውቃታል» ብለው ሲራኑሽ ብለው ጠሯቸው። አስፋው ጥቁር ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሚመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል፤ እሱም ከወንበሩ ብድግ እያለ ይቀበላል። ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ከበቡትና ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቁት። ስለ ቁጣቸው ነገራቸው፤ በሙቅ ውሃ ስለ ቀላው እጃቸው፤ የሆስፒታሉን አንሶላ ጣሪያ ላይ ሲያሰጡ ስለሚዘፍኑት፣ ዜማውን ረስቶ ግጥሙን ብቻ ስለሚያስታውሰው ዘፈን። ሲያወራ ቆይቶ ድንገት እንባው መጣ። አላፈረበትም።

ወደ ጄኔቫ በሚመለሰው ባቡር ሸዋረጋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች።

«በመስከረም ይሬቫን ልሂድ እላለሁ» አለ አስፋው።

«ለሰውየው ሹመት?»

«ለእሷ። መቃብሯን አይቼው አላውቅም።»

ሸዋረጋ የዘረጋችውን እግሯን ሰብስባ ጫማዋን አጠለቀች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «ሰውየው ብቻህን ካገኘህ ሌላ ፓርቲ ያቋቁማል።»